የሟች ማኅበርተኛ ድርሻ

እንደሚታወቀው፣ ጥቂት ሰዎች ተማምነው የንግድ ማኅበር ሲያቋቁሙ እርስ በርሳቸው ይመራረጣሉ፤ የባልንጀራውን ወራሽ ግን ማንም አይመርጥም። ሕግ ይህን ችግር እንዴት እንደ ተመለከተው በአጭሩ እንመርምር።

በጀርመን አገር በ1892 እ.ኤ.አ. የወጣው ኃላፊነታቸው የተወሰነ ማኅበሮች ሕግ፣ ድርሻ የሚሸጥም የሚወረስም መሆኑን ደነገገ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልዛስና ሎሬን ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ፣ ነጋዴዎቻቸው ይህን ዐይነት ማኅበር ለምደውት ነበር። ፈረንሳይም በ1925 እ.ኤ.አ. የራስዋን ሕግ አወጣች፤ ይኸውም ድርሻ ለውጭ ሰው እንዲሸጥ፣ ከዋናው ገንዘብ ሦስት አራተኛውን የያዙ አብዛኞቹ ማኅበርተኞች መፍቀድ አለባቸው የሚል ነው። በፈረንሳውያኑ የሕግ ሊቃውንት በኤስካራና በዦፍሬ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ ሕግም ይህንኑ ደንብ ተቀበለ።

እንግዲህ ሻጭ ባልንጀሮቹን ያስፈቅዳል፤ ሞት ግን ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ ወራሹ ማኅበርተኛ ይሁን ወይስ የድርሻውን ዋጋ ተቀብሎ ይሂድ፣ ዋጋውስ በምን ይተመን የሚለው አስቀድሞ በመመሥረቻ ጽሑፉ ካልተወሰነ፣ ነገሩ የሚነሣው በኀዘንና በክርክር መካከል ይሆናል። የ1952ቱ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ቢተካም፣ ጥያቄው ግን አልተሻረም።