የወሎ ገበሬ በፊልም ላይ

ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ፊልም ስትመለከቱ ልባችሁን የሚስበው ምን እንደ ሆነ መርምራችሁ ታውቃላችሁን? የልብሱ ማማር ወይም የአገሩ ውበት ብቻ አይደለም። ባለ ታሪኩ የሚሻው ነገር፥ የሚያግደው መሰናክልና በጭንቅ ጊዜ የሚመርጠው ሥራ ነው፤ የሰው ጠባይ የሚታወቀው በሥራው ነውና። ለዚህም የወሎ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። የሰሜን ወሎ ገበሬ በሬውን ሸጠ፤ ዕቃውንም ሸጠ። በመጨረሻ ልጆቹን ይዞ፥ ከደሴ ተነሥቶ የሀብሩን መርሳ፥ ወልድያንና ቆቦን እያለፈ ወደ አስመራ ወደሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወረደ፤ በዚያም አውቶቡስ እያስቆመ እህል ለመነ። መንግሥት ግን ነገሩን ሸሸገው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። በዓመቱ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር አፈራርቆ በመቀጠል መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ አይደለም፤ ወታደሩ ሥልጣኑን ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ ወስዶት ነበር። ይሁን እንጂ የሞላ ማዕድና የተራበ ሕፃን ተከታትለው ሲታዩ፥ ተመልካቹ ፍርዱን በልቡ ሰጠ። የፊልም ኃይል ይህ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ላይ ነው። በዚያ ቅጥል ፊልም ባለ ታሪኩ ንጉሡ ናቸው፤ ገበሬው የረሃብ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። በሬውን ለመሸጥ የቈረጠ፥ መንገዱን የመረጠ አስተዋይ ሰው መሆኑ አልታየም።

ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ባነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልሙ ግን ገበሬው ራሱ ባለ ታሪክ ሆነ። መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ይናገራል፥ ይቈጣል፥ በመጨረሻም ባለ መሬቱን ይገድላል። ሥራውን ብንነቅፍ እንኳ ሰውየውን እናውቀዋለን።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የምትመረምሩ ወገኖች ሆይ፤ «ችግረኛ» ተብሎ የተጻፈ ቍጥር ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ፥ ይህ ሰው ወደ ጎዳናው ከመውረዱ በፊት ምን ሸጠ፥ ምንስ ሞከረ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የጠየቀ ሹም ወረቀቱን በመሳቢያ ቈልፎ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይችልም።