ከጠራዡ ሱቅ እስከ ሻማው ነበልባል

ሳይንስን ለሰፊው አንባቢ የሚያስረዳ መጽሐፍ ከሊቃውንት ማዕድ የተራረፈ ፍርፋሪ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ዕውቀት የሚፈልቀው በቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያም ቀጥኖና ጣፍጦ ወደ ሕዝብ ይወርዳል፤ ከሕዝብ ወደ ቤተ ሙከራው የሚመለስ ነገር ግን የለም። ይሁን እንጂ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ታሪክ ይህን አስተሳሰብ የሚያፈርስ ግልጽ ማስረጃ ይዟል። ማስረጃው ከአንድ የለንደን የንግግር አዳራሽ ይነሣል፤ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ሱቅ በኩል ያልፋል፤ ተመልሶም እዚያው አዳራሽ ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርግጥ ነው፣ ሳይንስን በሕዝብ ቋንቋ የመጻፍ ሙከራ ከዚያ በፊትም ነበር። ጋሊሌዮ በ1632 ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው የሊቃውንቱ መግባቢያ በነበረው በላቲን ሳይሆን በጣልያንኛ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያቀረበውም በሦስት ሰዎች ክርክር መልክ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ተፈረደበት፤ መጽሐፉም ታገደ፤ ከታገዱት መጻሕፍት ዝርዝር የወጣው በ1835 ነው። ፈረንሳዊው ፎንትኔል ደግሞ በ1686 የፕላኔቶችን ነገር ያስረዳው ሌሊት በአትክልት ሥፍራ አንዲት መኰንንት ከአንድ ፈላስፋ ጋር ስትነጋገር በማሳየት ነበር። በሁለቱም ዘንድ ቅርጹ ጭውውት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሳይንስ ወደ አደባባይ የወጣው የቴአትርን ልብስ ለብሶ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህን ልብስ ከሁሉ አብልጣ ለሥራ ያዋለችው ጄን ማርሴት ናት። በ1769 ለንደን ውስጥ ከስዊዘርላንዳዊ ነጋዴ ቤት የተወለደችው ይህች ሴት ያገባችው ሐኪም ሲሆን፣ በ1799 በተቋቋመው በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ለሕዝብ የሚሰጠውን ትምህርት ትከታተል ነበር። አዳራሹ ለሴቶች ክፍት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ዝግ ነበሩ። የዴቪ ንግግር ቢማርካትም ብዙው ነገር አመለጣት። ያመለጣትን የጨበጠችው ከወዳጅ ጋር ቁጭ ብላ፣ እየጠየቀችና እየተከራከረች በተወያየችበት ጊዜ ነበር። በመሆኑም ይህንኑ መንገድ ወደ መጽሐፍ ለወጠችው። «በኬሚስትሪ ላይ የተደረጉ ጭውውቶች» በ1805 መጨረሻ ላይ በሁለት ቅጽ ታተመ። የደራሲዋ ስም አልነበረበትም። በመግቢያው ላይ ሴት ሆና ስለዚህ ጉዳይ በመጻፏ ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ትናገራለች፤ ስሟ በመጽሐፉ ላይ የወጣው በ1832 ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ወይዘሮ ቢ የተባለች አስተማሪና ኤሚሊና ካሮላይን የተባሉ ሁለት ልጃገረዶች አሉ። ኤሚሊ ትጉህና ታዛዥ ናት፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ታሰለቻለች። የመጽሐፉ ነፍስ ያለችው ካሮላይን ዘንድ ነው። ካሮላይን ገና ከመጀመሪያው ኬሚስትሪን ትንቃለች፤ ለእርሷ ኬሚስትሪ ማለት የመድኃኒት ቀማሚና የሽቶ ነጋዴ ሙያ ነው። አስተማሪዋ አትቆጣትም፤ ተፈጥሮ ራሷ ትልቅ ቤተ ሙከራ መሆኗን እያሳየች በክርክር ትረታታለች። አንባቢው በልቡ የያዘውን ጥርጣሬ ካሮላይን አስቀድማ ትናገርለታለች። ባልገባው ነገር የሚያፍረው አንባቢ በዚህች ልጅ ድፍረት ተከልሎ ይማራል። ማንኛውም ተውኔት ጸሐፊ እንደሚያውቀው፣ ጥያቄ የማይጠይቅ ገጸ ባሕርይ ያለበት ጭውውት ስብከት ነው። ማርሴት ይህን ተረድታለች፤ ከእርሷ በኋላ የተነሡ ብዙ ጸሐፊዎች ግን ዘንግተውታል።

መጽሐፉ ለልጃገረዶች የተጻፈ ነበር። ይሁንና ታላቁን አንባቢውን ያገኘው በብላንድፎርድ ጎዳና በነበረው በጆርጅ ሪቦ የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ ውስጥ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1791 ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ስሌት አላለፈም። በ1805 በአሥራ አራት ዓመቱ ጥረዛ ሊማር ሪቦ ዘንድ ገባ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ከሥራ ሰዓት በኋላ ያነብ ነበር። በተለይ ሁለቱ እንደ ጠቀሙት በኋላ ራሱ መስክሯል፤ አንደኛው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው የማርሴት መጽሐፍ ነው።

ወሳኙ ነገር ግን የንባቡ ዓይነት ነበር። ፋራዴይ ያነበበውን አላመነም፤ ፈተነው። አቅሙ በፈቀደው መጠን ትናንሽ ሙከራዎችን እያደረገ መጽሐፉ የሚለውን ከሚያየው ጋር አስተያየ። እውነት ሆኖ ስላገኘውም የሚጨብጠው መልሕቅ እንዳገኘ ቆጠረው። በ1812 ሰባት የዚንክ ክቦችን በገዛ እጁ ቆረጠ፤ በሰባት የመዳብ ሳንቲሞች ሸፈናቸው፤ በመካከላቸው ጨው ውሃ የተነከሩ ስድስት ወረቀቶችን አስገብቶ የኤሌክትሪክ ባትሪ ሠራ፤ በእርሱም የማግኒዥየም ጨው ከፋፈለ። ይህን ለወዳጁ የጻፈበት ደብዳቤ በደስታ የተሞላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጆን ቴተም በተባለ መምህር ቤት በሚሰጠው የምሽት ትምህርት ላይ እንዲገኝ ለእያንዳንዱ ምሽት አንድ ሽልንግ የከፈለለት ብረት ቀጥቃጩ ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር።

በዚያው በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ ባገኘለት መግቢያ የዴቪን አራት ንግግሮች አዳመጠ። ማስታወሻውን ገልብጦ፣ በሙያውም ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በመጋቢት 1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እንግዲህ ዴቪ ያስተማራት ሴት የጻፈችው መጽሐፍ የመጽሐፍ ጠራዡን ልጅ ወደ ዴቪ ቤተ ሙከራ አደረሰው ማለት ነው። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር በ1831 ያረጋገጠው ይኸው ሰው ነው፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጀኔሬተር ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ግኝት ላይ ነው። ፋራዴይ ውለታውን አልረሳም። የምርምር ጽሑፎቹን ለማርሴት ይልክላት ነበር፤ በ1858 ስታርፍም የመጀመሪያ መምህርቱ መሆኗን ለወዳጆቹ ጻፈ።

ውለታውን የመለሰበት ሌላም መንገድ አለ። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለልጆች ተከታታይ ንግግር ያዘጋጅ ነበር፤ ፋራዴይ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዙር አቅርቧል። የመጨረሻው በ1860 ታኅሣሥ ተጀምሮ በ1861 ጥር የተፈጸመው ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ዘጠኝ ነበር፤ ርዕሱ ግን አንዲት ሻማ ነበረች። ዊልያም ክሩክስ ስድስቱን ንግግሮች አሰናድቶ በ1861 «የሻማ ኬሚካዊ ታሪክ» በሚል ርዕስ አሳተማቸው። ለጠቅላላ አንባቢ ከተጻፉ የሳይንስ መጻሕፍት መካከል አንድ ብቻ ይመረጥ ቢባል፣ ይህ መጽሐፍ ይበቃል።

ፋራዴይ የሚነሣው ማንም ከሚያየው ነገር ነው። ሻማ ሲነድ ጫፉ ላይ እንደ ጽዋ የጎደጎደ ሥፍራ ይፈጠራል። ለምን? ነበልባሉ የሚያሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዝቃዛ አየር በሻማው ጎን ሽቅብ ይነፍሳል፤ ጠርዙን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ መካከሉ ሲቀልጥ ጠርዙ ሳይቀልጥ ይቆያል። ለዐይን እንዲያምሩ ጎናቸው የተሸነሸነ ሻማዎች ግን ጽዋቸው ጎዶሎ ስለሚሆን ሰሙ እየፈሰሰ ይበላሻሉ። ጌጥ ሥራን ሲያሰናክል ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሠዓሊዎችም ቢያነቡት አይከፉም።

ከዚያ ወደ ነበልባሉ ይገባል። ሻማው ጠፍቶ ጭሱ ሽቅብ ሲወጣ፣ የሚነድ ክብሪት ከፈትሉ ራቅ አድርጎ ወደ ጭሱ ቢያስጠጉ እሳቱ በጭሱ ተጉዞ ሻማውን መልሶ ይለኩሰዋል። የሚነደው እንግዲህ ወደ ተንነት የተለወጠው ሰም ነው። ይህን ሙከራ ጧፍ ያለበት ቤት ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም። ቀጥሎ በበረዶና በጨው የቀዘቀዘ ዕቃ ከነበልባሉ በላይ ይይዝና ከእሳት ውሃ ይቀበላል። ውሃውን ከፍሎ ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን ያሳያል። ከነበልባሉ የሚወጣውን አየር በኖራ ውሃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ውሃው ወተት ይመስላል። በመጨረሻው ንግግር የገዛ ትንፋሹን በኖራ ውሃው ውስጥ ይነፋል፤ ያም ወተት ይመስላል። ሰው ራሱ በዝግታ የሚነድ ሻማ መሆኑ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ 7 አውንስ፣ ማለትም 200 ግራም ያህል ካርቦን ወደ አየር እንደሚለውጥ ፋራዴይ ይነግራቸዋል። ከሻማ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሰው ሳንባ ሲደርስ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳያሳይ «እመኑኝ» ብሎ አላለፈም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ በኖርዊች ከተማ ለሠራተኞች ያደረገው ንግግር የዚሁ ዘዴ ፍሬ ነው። የያዘው አናጢ በኪሱ የሚይዛትን የጠመኔ ቁራጭ ነበር። በ1857 ለቴሌግራፍ ገመድ ዝርጋታ ሲባል ከአትላንቲክ ወለል የወጣው ጭቃ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጥቃቅን ባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ጠመኔውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከኖርዊች ሥር ያለው ምድር ጥንት የባሕር ወለል ነበረ።

የሩሲያው ያኮቭ ፔሬልማን ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ በደን ሙያ የተመረቀ እንጂ የቤተ ሙከራ ሰው አልነበረም። በ1882 በቢያሊስቶክ ተወለደ። በ1899 ከሰማይ እሳት ይዘንባል፣ ዓለምም ያልፋል የሚል ወሬ ሕዝቡን ሲያሸብረው፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ተማሪ የሚጠበቀው የተለመደ የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ መሆኑን በጋዜጣ አስረዳ። የሥራ ሕይወቱ የተጀመረው ፍርሃትን በማስወገድ ነው ማለት ይቻላል። በ1913 የወጣው «አዝናኝ ፊዚክስ» አዲስ ነገር ለማስተማር ብዙም አይጣደፍም፤ አንባቢው የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ እንዲያየው ያደርገዋል። በፀሐይ ዙሪያ ስንዞር ይበልጥ የምንፈጥነው ቀን ነው ወይስ ሌሊት? (ሌሊት ነው፤ ምድር በራሷ ዛቢያ የምትሽከረከርበት ፍጥነት በዚያ ሰዓት በዋናው ጉዞ ላይ ይደመራል።) ልብ ወለድንም ይመረምራል። የእንግሊዛዊው የዌልስ የማይታይ ሰው በእርግጥ ቢኖር ኖሮ ዕውር ይሆን ነበር ይላል፤ ዐይኑ ብርሃንን ሁሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ምስል የሚቀርጽበት ነገር አይኖረውምና።

ፔሬልማን በ1935 በሌኒንግራድ «የአዝናኝ ሳይንስ ቤት» የተባለውን ቤተ መዘክር ከባልደረቦቹ ጋር አቋቋመ። በ1941 ጦርነቱ ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። ከተማይቱ ስትከበብ እርሱ ለወታደሮች፣ ለመርከበኞችና ለደፈጣ ተዋጊዎች ያለ መሣሪያ አቅጣጫን እንዴት እንደሚያገኙና ርቀትን እንዴት እንደሚገምቱ ያስተምር ነበር። በመጻሕፍቱ ለመዝናኛ ያቀረበው በጣትና በክብሪት እንጨት የመለካት ዘዴ የሰዎች ሕይወት የሚተርፍበት ሆነ። ሐኪሟ ሚስቱ አና በጥር 1942 አረፈች። እርሱም መጋቢት 16 ቀን 1942 በረሃብ ሞተ። ቤቱ ከጦርነቱ በኋላ አልተከፈተም፤ «አዝናኝ ፊዚክስ» ግን በሞስኮ እየታተመ፣ በብዙ ቋንቋዎችም እየተተረጐመ፣ እስከ እስያና አፍሪካ ድረስ በርካሽ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል።