ሁለቱ ሰዎች ለምን ዝም አሉ?

በሥነ ልቦናና በሶሲዮሎጂ መግቢያ ትምህርቶች፣ የፈተና ሰሞን ሁላችንም የምንሸመድዳቸው ቃላት አሉ፦ በትውልድ የሚሰጥ ማኅበራዊ ደረጃ፣ በጥረት የሚገኝ ደረጃ፣ የጅምላ ፍረጃ፣ ማኅበራዊ ርቀት፣ መገለል። ትርጉማቸውን እንጽፋለን፤ ምሳሌ ስንጠየቅ ግን ብዕራችን ወደ አሜሪካ ጥቁሮች ወይም ወደ ሕንድ ካስት ይሮጣል። እነዚያም ምሳሌዎች ናቸው፣ አይከፋም። ነገር ግን ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌንና ቁንዝላን አልፎ ደልጊ እስኪደርስ የጣናን ምዕራብ ዳርቻ የተከተለ ሰው፣ የመማሪያ መጽሐፉን ግማሽ ምዕራፍ በደንገሉ መካከል ያገኘዋል። ስለ ወይጦዎች ማለታችን ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። በሐይቁ ዳር ጉማሬ እያደኑ የሚኖሩት ወይጦዎች ከአገሩ ልሳን ሁሉ የተለየ ቋንቋ አላቸው ሲባል ሰማ። ይህንኑ ለማጣራት ንጉሡን ለመነ፤ ንጉሡም ሁለት ወይጦዎች አስመጣለት። ብሩስ ጠየቀ። ሰዎቹ ዝም። ትሰቀላላችሁ ተብለው ቢያስፈራሯቸውም ዝም። ሰውየው በመጨረሻ፣ ጥያቄውን አይመልሱም፣ አይገባቸውምም ብሎ ጻፈና አለፈ።

እንግዲህ ይኸ በጣና ዳር ሰዎች ላይ ከተደረጉት ቃለ መጠይቆች ከቀደሙት አንዱ መሆኑ ነው! የጠያቂው ሥልጣን የተጠያቂውን መልስ እንደሚለውጥ ዛሬ አንደኛ ዓመት ላይ እንማራለን። ጠያቂው ባዕድ፣ ከጎኑ ንጉሥ፣ ከጥያቄው በስተኋላ ስቅላት። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ተጠርቶ የሄደ ምስኪን፣ ስለ ቋንቋው የሚጠየቀው ለመዝገበ ቃላት ነው ብሎ በምን ያምናል? ግብር ሊጣልበት ይሆናል፣ ሊሸጥ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ሆዴ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። እኛ ይህን ዝምታ የምናነበው እንደ አለማወቅ ሳይሆን እንደ መልስ ነው።

የዝምታው ዋጋ ግን ከባድ ሆነ። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1907 ባቀረበው ዘገባ ወይጦዎች ሁሉ የሚናገሩት አማርኛ ነበር። የድሮው ቋንቋ አገው ይሁን ሌላ፣ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ የሚከራከሩበት ጽሑፍ ስለሌለ ክርክሩ አያልቅም።

ወደ ማኅበራዊ ርቀት እንለፍ። አሜሪካዊው ቦጋርዱስ በ1920ዎቹ መለኪያውን ሲሠራ ሰዎችን የጠየቀው ከእገሌ ወገን ጋር ትጋባለህ ወይ፣ ጎረቤትህ ቢሆን ትቀበላለህ ወይ እያለ ነው። ለጣና ዳር ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ገበታ። ገበሬው በወይጦ ታንኳ ይሻገራል፤ ወይጦ ጠርቦ በሸጠለት ወፍጮ እህሉን ያስፈጫል፤ ከወይጦ ጋር ግን አብሮ አይበላም ነበር። ድንጋዩ ንጹሕ፣ ጠራቢው ርኩስ! ምክንያት ሲባል ጉማሬ ይበላሉ ነው። ወይጦዎቹ እስላም ነን ቢሉም ሌላው እስላም አልተቀበላቸውም፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በሌላው ነገር ባይስማሙ በዚህ ተስማሙ።

ጉማሬው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አደኑ ሲቀር ንቀቱም አብሮ በቀረ ነበር። አልቀረም። ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል በጻፈው መጽሐፍ፣ ነውሩ ያለው በሰውየው ጠባይ ውስጥ ሳይሆን እሱንና ሌላውን በሚያያይዘው ግንኙነት ውስጥ ነው ይላል። ይህን በእኛ አገር ቋንቋ ብንመልሰው ነገሩ ርስት ላይ ይወድቃል። ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ ነው፤ ራልፍ ሊንተን በ1936 በትውልድ የሚሰጥ ደረጃ ያለው ይኸው ነው። በሐረጉ የማይቆጠር ሰው የሚቀረው ማንም ርስቴ የማይለው ነው፦ ውሃው፣ ደንገሉ፣ ድንጋዩ። እጁ የቱንም ያህል ቢጠበብ ጥረቱ ደረጃውን አያነሣለትም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን የወይጦዎች ጥናቱን ከአደን ወደ ገበሬነት ስለተደረገ ለውጥ ነው ብሎ ሰየመው። በገበታው ላይ ግን አዋጅ አልወጣም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር። ከላይ «ወይጦ» እያልን የመጣነው መጻሕፍቱ እንዲያ ስለሚሉ ነው። ቃሉ ብቻውን ለስድብ ሲውል ስለኖረ «ነገደ ወይጦ» የሚለው መጠሪያ ይመረጣል።

ከብሩስ 214 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ተክለ ሃይማኖት ገብረ ሥላሴ የእነዚህኑ ሰዎች ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፋቸው አደረጉት። ከዚያም ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኸን በ1939 ባሳተመው ሥራ ከአማርኛቸው የተለዩ ቃላትን መዝግቦ ነበር። ከመካከላችን ለዕረፍት ወደ ደልጊ ወይም ወደ አካባቢው የሚሻገር ካለ፣ የታንኳ አሠራርን፣ የደንገል አቆራረጥን፣ የወፍጮ አጠራረብን ቃላት ከሠሪዎቹ ጠይቆ ቢያመጣልን በሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝለታለን። ንጉሥ ግን ይዞ አይሂድ።