አንድሮሜዳ
አንድሮሜዳ የግሪክ የሴት ስም ሲሆን «ወንዶችን የምትገዛ» ተብሎ ይፈታል። በግሪክ አፈ ታሪክ ባለስሟ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ካሲዮፔያ ኔሬይድ ከሚባሉት የባሕር ደናግል በላይ ውብ ነኝ ብላ በመመካቷ፣ የባሕሩ አምላክ ፖሰይዶን ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከባቸው። አገሩ የሚድነው ልጅቱ ለአውሬው ስትሰጥ ብቻ ነው የሚል ንግርት ከአምላኩ ከአሞን መቅደስ መጣ። ምንም ያልበደለችው አንድሮሜዳም የእናቷን ጥፋት ተሸክማ ከባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ታሰረች። ጭራቋን ሜዱሳን ገድሎ ሲመለስ የነበረው ጀግናው ፐርሴዎስ አውሬውን ገደለና አዳናት፤ አገባትም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ እንደሚለው ፋርሶች ስማቸውን ያገኙት ከፐርሴዎስና ከአንድሮሜዳ ልጅ ከፐርሴስ ነው።

ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁሮች ምድር ስለ ነበር፣ ታሪኩን ከዛሬዋ አገር ወሰን ጋር ማጣበቅ አይገባም። ቋጥኙን በኢዮጴ ወደብ የሚያደርጉ ጥንታዊ ጸሐፊዎችም አሉ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ግን መልኳ ጥቁር እንደ ነበር ጽፏል፤ ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ነጭ አድርገው መሣላቸው ይህን ምስክርነት ሸፍኖታል።

በስሟ የሚጠራ ኅብረ ኮከብ አለ፤ በዚያው አቅጣጫ የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከምድር 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል።