ለመላላክ የተቀዳ ድምፅ

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ ሰም ላይ የተቀረጸ ሰላምታ ላኩ። ከተደመጠ በኋላ እንዳይቀር አስቀድሞ ስምምነት ስለነበረ ቅጂው ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በቀጣዩ ዓመት በየራሳቸው ድምፅ የሰጡት መልስ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። በኢትዮጵያ ከቀደሙት የድምፅ ቅጂዎች አንዱ እንግዲህ የተደረገው ለመላላክ ነው፤ ለትውልድ ለማስቀመጥ አልነበረም።

ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀዱ። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚሁ ቅጂዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 27ኛ ቅጽ ዳግም ታትመዋል። ሸክላ ግን ፋብሪካ ይፈልጋል፤ የአንዲት ባልቴት ተረት ወይም የአንድ አባት የዘር ቆጠራ እዚያ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተው ካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ይህች ትንሽ እቃ፣ በተለመደው የ60 ደቂቃ ዓይነቷ፣ በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ትይዛለች። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሱዳን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲሰደድ ስልክ ውድ ነበር፤ ደብዳቤም ማንበብና መጻፍ ለማይችል ወላጅ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገው ነበር። የልብን ነገር በጸሐፊ አፍ ማስነገር ደግሞ ያሳፍራል። ካሴት ይህን አማላጅ አስቀረ። ቴፑ መሐል ይቀመጥ፣ ታላቁ ሰው ቀድሞ ይመርቅ፣ ከዚያ ሌላው በተራ ሰላምታውን ያቀርብ ነበር፤ ካሴቱን መንገደኛ በሻንጣው ይዞ ይሄድ ነበር። መርዶ በአካል የሚነገር በመሆኑ ካሴት ላይ ብዙም አይገባም ነበር። ስለዚህ የቤተሰብ ካሴት የሚናገረውን ያህል የሚደብቀውም አለ።

ዛሬ ለአድማጭ ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መልእክቱ ራሱ አይደለም። ማን ታሞ ማን እንደዳነ ጊዜ አልፎበታል። የአያት አነጋገር፣ ለየት ያለ የአገር ቤት ቃል፣ ከጀርባ የሚሰማ የቡና ሙቀጫ፣ የዶሮ ጩኸት፣ እነዚህን ማንም ሊያስቀምጥ ብሎ አልቀዳቸውም። ሰባት ቤት ድረስ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ደግሞ ጋብቻ ሲታሰብ የሚጠየቅ የቤተሰቡ መዝገብ ነው፤ ሲሞት ቆጠራው ሰው ካልያዘው አብሮት ይቀበራል።

ብዙ ቅጂ የጠፋውም በዚያው በመላላክ ልማድ ነው፤ ተቀባዩ መልሱን በላኪው ድምፅ ላይ ይቀዳበት ነበር። ካሴት ከኋላው ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉት፤ ሲሰበሩ ዳግም መቅዳት ይከለክላሉ፤ ባዶ ካሴት ለቸገረው ግን ከመስበር ይልቅ ደርቦ መቅዳት ይቀል ነበር። ደርቦ ከመቀዳት የዳነውን ደግሞ ሙቀትና ሻጋታ ይጎዱታል። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የ60 ደቂቃ ካሴት በተለመደው ማጫወቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል ድምፁን ያበላሻል።

የእጅ ስልክ መቅዳትን ነፃ አድርጎታል፤ ይሁንና ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ፣ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ፣ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። በካሴትም ሆነ በስልክ፣ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ቅጂ ለልጅ ልጆቹ የማይታወቅ ሰው ድምፅ ነው።