ጠጪን በጠጪ፦ ከባልቲሞር እስከ አክሮን

በሱስ ማገገም ታሪክ ውስጥ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጎን ሦስተኛ ረዳት ይገኛል፤ እርሱም ያንኑ ሱስ በራሱ ላይ ያየና ለሌላው ያለ ክፍያ የሚደርስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1840 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት አዘውትረው የሚገናኙ ስድስት ሰዎች፣ ልብስ ሰፊና አናጢ፣ አንጥረኛም ከመካከላቸው ነበሩ፣ ዳግመኛ ላለመጠጣት ቃል ተገባብተው በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የሚጠራ ማኅበር መሠረቱ። በዘመኑ የነበሩት ፀረ መጠጥ ማኅበራት ይበልጥ የሚደክሙት ገና በመጠጥ ያልተያዘውን ለመጠበቅ ስለነበር ሰካራሙን ተስፋ እንደሌለው ይቆጥሩት ነበር፤ ዋሽንግተናውያን ግን እርሱኑ ፈልገው ወደ ስብሰባቸው አመጡት፣ ያለፈበትን እንዲናገርም ዕድል ሰጡት። አብርሃም ሊንከን በ1842 በስፕሪንግፊልድ ለዚሁ ማኅበር ባደረገው ንግግር፣ ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ከሰባኪና ከጠበቃ ይልቅ በጠጪዎች ዘንድ ተሰሚነት እንዳለው አስረድቷል። ማኅበሩ በፖለቲካና በመጠጥ ክልከላ ሕግ ክርክር እየተሳበ፣ አባላቱን የሚያስተሳስር ቋሚ ሥርዓትም ሳያበጅ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ።

ይኸው ሐሳብ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዳግመኛ የተገኘው ከስኬት ሳይሆን ከውድቀት ነው፤ የታሪኩ ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ይመስላል። የኒው ዮርኩ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያ ቢል ዊልሰን በዲሴምበር 1934 ሆስፒታል ገብቶ መጠጥ ካቆመ በኋላ ለወራት ሌሎች ጠጪዎችን ለማዳን ሲባዝን ቆየ፤ ከእነርሱ አንድም የዳነ አልነበረም፣ እርሱ ራሱ ግን አልጠጣም። ሐኪሙ ዊልያም ሲልክዎርዝም ስብከቱን ትቶ አስቀድሞ ስለ በሽታው ጽናት እንዲናገር መከረው። በሜይ 1935 ለንግድ ጉዳይ ወደ ኦሃዮዋ አክሮን ሄዶ ሥራው ሳይሳካለት ሲቀር፣ ባረፈበት ሆቴል አዳራሽ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ እየሳበው፣ በሌላው ወገን ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተቀምጠው፣ ብቻውን ቆመ። ወደ ስልኩ ሄደ፤ የፈለገውም አጽናኝ ሳይሆን ሊያነጋግረው የሚችለውን ሌላ ጠጪ ነበር። በዚህ ፍለጋ የተገናኘው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቦብ ስሚዝ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ለመቆየት ወስኖ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ፤ ከፊቱ ያለው ሰው ሊያስተምረው ሳይሆን ራሱን ከመጠጥ ለመጠበቅ እርሱን ፈልጎ መምጣቱን ተረድቶ ነበርና። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጣበት የሚባለው ጁን 10 ቀን 1935፣ በአማርኛ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ሊባል የሚችለው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ሆኖ ይከበራል።

ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ በአክሮን ከተማ ሆስፒታል አልጋ ላይ ወደ ነበረ አንድ ጠበቃ ሄደው፣ መጠጥ እንዳቆሙ ለመዝለቅ ለሌላው ማካፈል እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩት፤ እርሱም ሦስተኛው አባል ሆነ። በ1939 የታተመው የማኅበሩ መጽሐፍ ለማገገም የሚረዱ ዐሥራ ሁለት ደረጃዎችን ሲዘረዝር፣ ያገኙትን ለሌላ ሱሰኛ ማድረስን የመጨረሻው ደረጃ አድርጎ አስቀመጠው። በ1950 በክሊቭላንድ የጸደቁት የማኅበሩ መተዳደሪያ መርሆዎች ደግሞ፣ ዋሽንግተናውያንን ከጎዳው መንገድ በተቃራኒ፣ በውጭ ክርክር ወገን መያዝን ከለከሉ፣ ወጪውም በአባላቱ መዋጮ ብቻ እንዲሸፈን ወሰኑ።

ጠጪ ጠጪን የሚረዳበት የዚህ አሠራር ጥንካሬ በጽሑፍ ከሰፈሩት መርሆዎች ይልቅ በአክሮኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ጎልቶ ታይቷል። ከ1939 ጀምሮ ስሚዝና መነኩሲቷ እኅት ኢግናሺያ በዚያ ሱሰኞችን ሲቀበሉ፣ ታማሚው የሚገባው ቀድሞ ባገገመ ሰው አቅራቢነት ነበር፤ በቆይታውም አልጋው ድረስ እየመጡ የሚጠይቁት የማኅበሩ አባላት ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ክፍል የተኙ ነበሩ።