የወፍ በሽታን በየፈርጁ የለዩት ሐኪም

ጎሮም ሆነ ጎንደር፣ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ጎረቤት ስም ለማውጣት አይቸገርም፤ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ አዋቂም ወዲያው ይጠቆማል። ብዙው ታማሚ በጥቂት ሳምንት በራሱ ጊዜ ስለሚያገግም ምስጋናው ለሥሩ ይሆናል። ከእነዚያው ታማሚዎች መካከል ግን ከዓመታት በኋላ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ ደም እያስመለሰው አልጋ ላይ የሚወድቅ አለ። እርጉዝ ሆና በቀናት ውስጥ የምትሞትም አለች። ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋ የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት ይህን ልዩነት ለመረዳት ነው።

ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው የበአታ ማርያሙ አለቃ ፀጋ ተሻለ፣ እናታቸው ወይዘሮ የተመኙ ናቸው። የእናትየውን ሕይወት የልጅ ልጃቸው አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ባሳተመችው መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አውቆታል። የልጅየው ሥራ የቀረው በሕክምና መጽሔቶች ገጽ ላይ ነው፤ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው እምብዛም አያነሳውም። ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ተመለሱ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የጉበት ሳይንስ ራሱ ገና እየተፍታታ ነበር። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ የሄፓታይተስ ቢን ምልክት በደም ውስጥ አግኝቶ የኖቤል ሽልማት የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሄፓታይተስ ሲ እስከ 1989 ድረስ ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ኤም ቢም ያልሆነ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ፕሮፌሰር እደማርያም ከስዊድን የቫይረስ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያውያንን ደም በየፈርጁ መመርመር ያዙ። በ1986 ስለ ኤ፣ ቢና ዴልታ፣ በ1995 ደግሞ ስለ ሲ ያወጧቸው ጥናቶች ዛሬም ይጠቀሳሉ።

በ1987 ያሳተሙት ጥናት ርዕሱ ላይ ራሱ ጥያቄ አለው፤ የደም ለጋሾችን ለሄፓታይተስ ቢ መመርመር ያስፈልጋል ወይ? ዛሬ ጥያቄው ያስደነግጣል። ያኔ ግን ምርመራው ውድ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ በልጅነቱ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቷል። በ1988 በሌሎች ተመራማሪዎች የታተመ አገር አቀፍ ጥናት 5,270 ወጣት ወንዶችን መርምሮ 10.8 በመቶው ቫይረሱን በደማቸው እንደያዙ አሳይቷል።

በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን በዋናነት የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን የሰውየው የራሱ የመከላከያ ሠራዊት ነው። የጨቅላ ሰውነት ቫይረሱን እንደ ባዕድ አጥብቆ ስለማይዋጋው፣ ሲወለዱ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉ። ካደጉ በኋላ ከሚያዙት ግን እንዲህ የሚሆነው ከ5 በመቶ ያነሰው ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው በ1991 ያሳተሙት ሥራ ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል ስለተነሳው ወረርሽኝ። ተጠያቂው ሄፓታይተስ ኢ ሆኖ ተገኘ፤ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ፣ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ሳሉ ከሚይዛቸው እናቶች እስከ ሩብ የሚደርሱትን ሊገድል የሚችል ቫይረስ። አብሯቸው የሠራው የአትላንታው ተመራማሪ ክራውቺንስኪ ለዚህ ቫይረስ ብልህ የምርመራ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። ቫይረሱ ባለበት ስስ የጉበት ቁራጭ ላይ የታማሚው ሴረም ይፈስሳል፤ ቀጥሎ የሚያበራ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። የታማሚው ደም ፀረ እንግዳ አካሉ ካለው ወንበሩ ቀድሞ ተይዟል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርሃኑ ይደክማል።

ፕሮፌሰሩ በኋላ ካናዳ ሄደው ማስተማር ቀጠሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአምስቱ ጥምር ክትባቶች አንዱ ሆኖ ኢትዮጵያ ገባ፤ ጎሮ ያለች እናትም ልጇን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ታስከትባለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የመጀመሪያው መርፌ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይላል፤ ስድስት ሳምንት ለዚህ ረፍዷል። ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ በ2014 ጋምቤላ ውስጥ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች እንደገና ተነሳ። የዚህ ቫይረስ ክትባት ቻይና ውስጥ ከተፈቀደ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወረርሽኝ ለመግታት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ግን በ2022፣ ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ላይ ነው።